ካርታ አለህ? የ«ክሬዚ» ጨዋታ ሕግና ብልሃት

በእኛ በኮልፌ ቀራንዮ «ካርታ አለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፡፡ አንደኛው የቤት ደላላ ነው፡፡ እሱ የሚፈልገው የይዞታ ማረጋገጫውን ነው፤ ካርታ ያለው ቤትና ካርታ የሌለው ቤት በዋጋ ስለማይገናኙ ጥያቄው ከሰላምታ ቀጥሎ ይመጣል፡፡ ሁለተኛው ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ጎረምሳ ነው፡፡ እሱ የሚፈልገው 52 ቅጠል ያለውን መጫወቻ ነው፡፡

የመጀመሪያው ጥያቄ በሙያዬ ምክንያት ዘወትር ይገጥመኛል፡፡ ሁለተኛው ግን እኔን አይመለከተኝም ብዬ ኖሬአለሁ፡፡ የእኔ ዕድሜ ሰዎች የምናውቀው ኮንከርን ነው፡፡ እሱንም ቢሆን በአብዛኛው ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሌሊቱን ለመግፋትና ኀዘንተኛውን ብቻውን ላለመተው ነበር የምንጫወተው፡፡ የዛሬ ልጆች የሚጫወቱት «ክሬዚ» የሚባለው ጨዋታ በአጠገቤ ሲያልፍ እንደ ጫጫታ እንጂ እንደ ጨዋታ አይቼው አላውቅም፡፡

ይህ የሆነው እስካለፈው ክረምት ድረስ ነው፡፡ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጎረቤቴ ልጅ በሬን አንኳኳ፡፡ ዕድሜው 14 ነው፤ እናቱ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ለብቻዋ ታሳድገዋለች፡፡ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ጫማውን እያየ፣

«ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ ተምረዋል አይደል?» አለኝ፡፡

«ተምሬአለሁ፡፡»

«ሰው በካርታ ሲበላ ዕዳው በሕግ ይከፈላል?»

«ማነው የተበላው?»

«አንድ ጓደኛዬ፡፡»

ከሕግ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ምክር ፍለጋ ወደ እኔ የመጡ «አንድ ጓደኛዬ» የሚባሉ ሰዎችን ብዛት ብቆጥር ኮልፌን ይሞላሉ፡፡ ስለዚህ ዝም ብዬ ሻይ ቀዳሁለት፡፡ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ጓደኛው ጠፋና ራሱ መጣ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አጣና ተራ አካባቢ፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ፣ እንጨት በመጫንና በማውረድ ከሚተዳደር የ22 ዓመት ወጣት ጋር በብር ክሬዚ ሲጫወት ሰንብቷል፡፡ እናቱ ለደብተር የሰጠችውን 200 ብር መጀመሪያ ተበላ፡፡ ከዚያ በዱቤ ቀጠለና 300 ብር ዕዳ ገባ፡፡ በመጨረሻም ወጣቱ «አንድ ዙር እንጫወት፤ ካሸነፍክ ዕዳው ይሰረዝልሃል፤ ከተሸነፍክ ዕጥፍ ይሆናል» አለው፡፡ ተጫወቱ፡፡ ልጁ «አሸነፍኩ» ይላል፤ ወጣቱ ደግሞ «አላሸነፍክም፤ 600 ብር አለብህ» ይላል፡፡ የቀጠሮው ቀን እሑድ ነው፡፡

ታዲያ ማን ነው ያሸነፈው? ልጁ ሊያስረዳኝ ሞከረ፤ «ሰባቱን ከሁለት ልብ ጋር ስጥለው፣ ቀረኝ አላልክም አለኝ» ብሎ ጀመረ፡፡ አንዲት ቃል አልገባኝም፡፡ አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፡፡ ፍሬ ነገሩን የማያውቅ ሰው ሕግ ቢጠቅስ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ «ካርታ አለህ?» አልኩት፡፡ ከኪሱ አወጣ፡፡ ሦስት ከሰዓት በኋላ አስተማረኝ፡፡ የተማርኩትን እነሆ፤ ልጅ ያላችሁ አንባቢዎች ጨዋታውን ብታውቁት አይጎዳችሁም፡፡

የጨዋታው ዘር

«ካርታ» የሚለው ቃል ከጣሊያንኛው «ካርታ» የመጣ ነው፤ ወረቀት ማለት ነው፡፡ መጫወቻው ራሱ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከምሥራቅ፣ በማምሉኮች ግብፅ በኩል ወደ አውሮፓ እንደገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ፡፡ ዛሬ የምናያቸው አራቱ ምልክቶች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሣይ ውስጥ የተለመዱ ናቸው፡፡

ክሬዚ ሰፊ ቤተሰብ ካላቸው ጨዋታዎች አንዱ ነው፡፡ የቤተሰቡ ሕግ አንድ ነው፤ ከላይ ካለው ካርታ ጋር በቁጥር ወይም በምልክት የሚገጥም ትጥላለህ፤ ቀድሞ እጁን ባዶ ያደረገ ያሸንፋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ «ስምንት» ተብሎ ይጠራ ነበር፤ 8 ቁጥር ምልክት የመቀየር ሥልጣን ስላለው ነው፡፡ በኋላ «ክሬዚ» የሚለው ቅጽል ተጨመረበት፡፡ ጀርመኖች «ማው ማው» የሚሉት፣ ናይጄሪያውያን በልዩ ካርታ የሚጫወቱት «ዋት» የዚሁ ዘመዶች ናቸው፡፡ በየሱቁ የምናየው «ኡኖ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ሜርል ሮቢንስ የተባለ የኦሃዮ ፀጉር አስተካካይ ያወጣው ነው፡፡ በቤተሰቡ ውስጥ በጨዋታው ሕግ ላይ ክርክር አለ ይባላል፤ ከልጁ ጋር ሆኜ የክርክር ዘር መሆኑን አላጣሁትም፡፡

ዕቃውና አጀማመሩ

ከዚህ በታች የምጽፈው በእኛ ሰፈር የሚጫወቱበትን ነው፡፡ ሌላ ሰፈር ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ወደ እሱ እመለስበታለሁ፡፡

አንድ ሙሉ ካርታ ያስፈልጋል፡፡ ሁለቱ ጆከሮች ይወጣሉ፤ 52 ይቀራል፡፡ አራቱ ዓይነቶች ልብ፣ ዳይመንድ፣ አበባና ስፔድ ናቸው፡፡ ከሁለት እስከ አምስት ሰው መጫወት ይችላል፡፡ አንዱ ይበውዛል፣ ጎረቤቱ ይቆርጣል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ካርታ ይታደላል፡፡ የተረፈው ተደፍቶ መሐል ይቀመጣል፤ የላይኛው አንዱ ይገለጣል፡፡ የተገለጠው ኃይል ያለው ካርታ ከሆነ ወደ መሐል ተመልሶ ሌላ ይገለጣል፤ ማንም ሳይጫወት ማንም አይቀጣምና፡፡

ተራው የደረሰው ሰው ከተገለጠው ጋር በዓይነት ወይም በቁጥር የሚመሳሰል አንድ ካርታ ይጥላል፡፡ 9 ልብ ካለ ማንኛውም ልብ ወይም ማንኛውም 9 ይሄዳል፡፡ የሚሄድ ከሌለው አንድ ያነሳል፤ ያነሳው ከገጠመ ወዲያው መጣል ይችላል፡፡ ካልገጠመ «የለኝም» ብሎ ያሳልፋል፡፡ የተደፋው ካርታ ሲያልቅ፣ ከተጣሉት የላይኛው ብቻ ይቀርና ሌላው ተበውዞ እንደገና ይደፋል፡፡

ኃይለኞቹ

ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው፡፡

ሁለት፡- ቀጣዩ ተጫዋች ሁለት ካርታ ያነሳል፡፡ እሱም 2 ካለው ግን በላዩ ላይ ይጥልና ቅጣቱ ወደሚቀጥለው ሰው አራት ሆኖ ይተላለፋል፡፡

አስ ስፔድ፡- አምስት ያስነሳል፡፡ ሌሎቹ ሦስት አሶች ተራ ካርታ ናቸው፡፡ አስ ስፔድን የሚመልሰው ካርታ አንድ ብቻ ነው፤ 2 ስፔድ፡፡ እንደዚሁም አስ ስፔድ በ2 ስፔድ ላይ ሊወድቅ ይችላል፡፡ ሁሉም 2ቶችና አስ ስፔድ ከተደራረቡ ቅጣቱ 13 ካርታ ይደርሳል፡፡ ይህ የደረሰበት ሰው ፊት እንዴት እንደሚሆን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ፡፡

አምስት፡- ተራውን ወደ ኋላ ይመልሳል፡፡ ሁለት ሰው ብቻ ሲጫወት፣ የጣለው ሰው ራሱ ደግሞ ይጫወታል፡፡

ሰባት፡- በር ይከፍታል፡፡ 7 የጣለ ሰው በዚያው ተራ፣ የዚያኑ ዓይነት ካርታዎች የፈለገውን ያህል አብሮ መጣል ይችላል፡፡ ኃይሉን የሚያሳየው መጨረሻ ላይ የወደቀው ብቻ ነው፡፡

ስምንትና ጄ፡- ቅጣት በሌለበት ጊዜ በማንኛውም ካርታ ላይ ይወድቃሉ፤ የጣለውም ሰው ዓይነቱን ይመርጣል፡፡ «ስፔድ ይሁን» ካለ ስፔድ ይሆናል፡፡ በእኛ ሰፈር በ8ና በጄ መጨረስ አይፈቀድም፡፡

በመጨረሻም «ቀረኝ» አለ፡፡ እጁ ላይ አንድ ካርታ የቀረው ሰው፣ ቀጣዩ ሰው ከመጫወቱ በፊት «ቀረኝ» ማለት አለበት፡፡ ረስቶ ከተያዘ ሁለት ያነሳል፡፡

ብልሃቱ

መጀመሪያ ላይ «ዕድል ነው እንጂ ምን ብልሃት አለው!» ብዬ ነበር፡፡ ልጁ አሥር ጊዜ አሸንፎኝ ሲያበቃ ሐሳቤን ቀየርኩ፡፡

አንደኛ፣ ቁጥሩን ማወቅ ነው፡፡ ገበታው ላይ 9 ልብ ቢገለጥ፣ የሚገጥሙት 12 ሌሎች ልቦች፣ 3 ሌሎች ዘጠኞች፣ እንዲሁም ልብ ያልሆኑ ስድስት 8ቶችና ጄዎች ናቸው፤ በድምሩ 21፡፡ ከቀሩት 51 ካርታዎች አምስት የታደለው ሰው ቢያንስ አንድ የሚሄድ ካርታ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 94 ገደማ ነው፡፡ ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር «የለኝም» የሚል ሰው እምብዛም አይደለም፡፡ እጁ ላይ ምንም ሳይኖረው አንድ ሲያነሳ ደግሞ የመግጠም ዕድሉ ከ46 ውስጥ 21 ነው፤ ከግማሽ ትንሽ ያነሰ፡፡ እንግዲህ የመጫወቻው ካርታ አይቸግርም፤ የሚቸግረው የትኛውን መጣል እንደሚሻል ነው፡፡ ጀማሪ የሚገጥመውን ያያል፤ የለመደ ግን የሚቀረውን ያያል፡፡

ሁለተኛ፣ 8ንና ጄን አለማባከን ነው፡፡ ሁለቱ ተደምረው ከ52ቱ ስምንት ብቻ ናቸው፡፡ ሌላ የሚሄድ ካርታ እያለህ 8 መጣል፣ ታክሲ እያለ ኮንትራት መያዝ ነው፡፡ ነገር ግን በእነሱ መጨረስ ስለማይቻል እስከ መጨረሻው መያዝም አያዋጣም፡፡ ትክክለኛው ሰዓታቸው ሁለት ካርታ ሲቀር ነው፡፡ እጅህ ላይ 8ና ንጉሥ አበባ ካለ፣ 8ን ትጥላለህ፣ «አበባ ይሁን» ትላለህ፣ «ቀረኝ» ትላለህ፡፡ ጎረቤትህ ዓይነቱን መቀየር ካልቻለ ጨረስክ፡፡

ሦስተኛ፣ «የለኝም» የሚለውን ቃል መስማት ነው፡፡ ቀጣዩ ሰው ዳይመንድ ላይ አንስቶ «የለኝም» ካለ፣ በዚያች ሰዓት ዳይመንድም፣ 8ም፣ ጄም እንደሌለው በራሱ አፍ መስክሯል፡፡ ዓይነት የመምረጥ ዕድል ስታገኝ ዳይመንድ በል፡፡ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የተባለው ለዚህ ጨዋታ ይመስለኛል፡፡

አራተኛ፣ 2 ጋሻም ጦርም ነው፡፡ አንዱን ለመከላከያ አስቀምጥ፤ ቀጣዩ ሰው «ቀረኝ» ሲል ግን አትሰስት፡፡ አስ ስፔድም እንደዚሁ ነው፡፡ ሁለት ሰዎች ስትጫወቱ በመጀመሪያው ተራ አስ ስፔድ ብትጥል፣ 2 ስፔድም አንተ ጋ ከሌለ፣ ያ ካርታ ባላንጣህ እጅ የመሆኑ ዕድል ከ46 ውስጥ 5 ብቻ ነው፤ ከመቶ 11 ገደማ፡፡ ቢሆንም ባላንጣህ አምስት ካርታ ይዞ ሳለ አሥር ብታደርግለት ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ኃይለኞች ካርታዎችም ሊደርሱት ይችላሉ፡፡ አንድ ሲቀረው ስድስት ብታደርግበት ነው የሚያመው፡፡

አምስተኛ፣ 7ን ብቻውን አትጣል፡፡ ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሦስት ካርታዎች እስኪሰበሰቡ ጠብቅ፡፡ ከሦስት ካርታ በአንድ ተራ ባዶ እጅ መሆን የሚቻለው በ7 ነው፡፡ እዚህ ላይ ነው የልጁ ጉዳይ የሚጀምረው፡፡

ሕጉስ ምን ይላል?

በመጨረሻው ዙር ገበታው ላይ ልብ ነበር፡፡ ልጁ እጅ ላይ ሦስት ካርታ ቀርቶታል፤ 7 ልብ፣ 4 ልብና ንጉሥ ልብ፡፡ 7ን ጣለ፣ በላዩ ላይ 4ን፣ በላዩ ላይ ንጉሡን፡፡ እጁ ባዶ ሆነ፡፡ ወጣቱ «ካርታዎቹን አንድ በአንድ ነው የጣልከው፤ አንዱ ሲቀርህ ቀረኝ አላልክም፤ ሁለት አንሳ!» አለው፡፡ ልጁ ትንሽ ነውና አነሳ፡፡ ተሸነፈ፡፡

ፍርድ ቤት ቢሆን ይህ ጥሩ ክርክር ነው፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ የ1952ቱ፣ በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል፡፡ አንቀጽ 1733 ደግሞ ቃሉ ግልጽ ከሆነ ዳኛው በትርጉም ስም ከቃሉ መውጣት እንደማይችል ይናገራል፡፡ ቃሉ ግልጽ ካልሆነ በአንቀጽ 1734 መሠረት የተዋዋዮቹ የጋራ ሐሳብ ይፈለጋል፡፡ ጨዋታም ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ ስምምነት ነውና በዚሁ ሚዛን እንየው፡፡

ቃሉ የሚለው «አንድ ካርታ ሲቀርህ፣ ቀጣዩ ሰው ሳይጫወት፣ ቀረኝ በል» ነው፡፡ ልጁ ተራውን ሲጀምር ሦስት ነበረው፤ ሲጨርስ ምንም አልነበረውም፡፡ በመሐል ለዓይን ጥቅሻ ያህል አንድ ካርታ እጁ ላይ ቀርታለች፤ ይህን ወጣቱ አልዋሸም፡፡ ነገር ግን «ቀረኝ» ለምን ተደነገገ? ቀጣዩ ተጫዋች ተጠንቅቆ 2 ወይም 8 እንዲጥል ዕድል ለመስጠት ነው፡፡ በ7 ተራ መሐል ማንም ሌላ ሰው አይጫወትም፡፡ ማንቂያው የሚያነቃው ሰው ከሌለ፣ አለማንቃቱ ጥፋት አይሆንም፡፡ ስለዚህ በቃሉም በዓላማውም ብናየው ካርታ የሚቆጠረው ተራ ሲያልቅ ነው፡፡

ወጣቱ ግን ሌላም መከራከሪያ አለው፤ «እኛ የምንጫወትበት ቦታ፣ በ7 የሚጨርስ ሰው አስቀድሞ ቀረኝ ይላል» የሚል፡፡ እንዲህ የሚጫወቱ መኖራቸውን አልክድም፡፡ ጥያቄው ካርታው ከመታደሉ በፊት ተነግሯል ወይ ነው፡፡ አልተነገረም፡፡ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 22፣ ድርጊቱ ሲፈጸም ወንጀል ባልነበረ ነገር ሰው እንደማይቀጣ ይደነግጋል፡፡ ይህ የተጻፈው ለካርታ አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ከሱቅ ጀርባም ይሠራል፡፡ ቅጣትን ከድርጊት በኋላ ማውጣት ጨዋታ አይደለም፡፡

ይህ ሁሉ ያሸነፈው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነው፡፡ ዕዳው ይከፈላል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አጭር ነው፡፡ በአንቀጽ 1716 መሠረት ሕገወጥ ወይም ከመልካም ጠባይ ውጪ የሆነ ጉዳይን የሚመለከት ውል ውጤት የለውም፡፡ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በ1992ቱ፣ አንቀጽ 215 መሠረት ደግሞ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ አካለ መጠን ያላደረሰ ነው፡፡ የ14 ዓመት ልጅ በቁማር የገባውን የ600 ብር ዕዳ «ክፈል» ብሎ የሚፈርድ ዳኛ እኔ አይታየኝም፡፡ ልጁ ቢሸነፍም ባይሸነፍም ዕዳ የለበትም፡፡

እውነቱን ለመናገር ሕግና ውርርድ በአገራችን የሩቅ ሰዎች አልነበሩም፡፡ በጥንቱ «በላ ልበልሃ» ሙግት ተከራካሪ በቅሎም ማርም ይወራረድ ነበር፡፡ ያ ግን በአደባባይ፣ በዳኛ ፊትና በአዋቂዎች መካከል ነው፡፡ ከሱቅ ጀርባ ከሕፃን ጋር አይደለም፡፡

እሑድ

እሑድ ከልጁ ጋር አጣና ተራ ሄድን፡፡ ወጣቱ እኔን ሲያይ ተነሣ፡፡

«ጋሼ፣ ፖሊስ ሊጠሩብኝ ነው?»

«አይደለም፡፡ ልሰማህ ነው የመጣሁት፤ አንድ ወገን ብቻ ሰምቼ መፍረድ አልወድም» አልኩት፡፡

ነገረኝ፡፡ ልጁ ካለኝ ብዙም አልተለየም፡፡ ከዚያ እኔ ከላይ የጻፍኩትን በአጭሩ አስረዳሁት፤ 7ቱን፣ «ቀረኝ»ን፣ ዕድሜውን፣ ዕዳውን፡፡ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፡፡ ሲጨርስ ያለውን እስካሁን አልረሳሁትም፡፡

«እኔንም በ15 ዓመቴ እዚሁ ቦታ እንዲሁ ነው የበሉኝ፡፡ ሰባት ወር ተሸክሜ ከፈልኩ፡፡ ለእኔ የመጣ ጋሼ አልነበረም፡፡»

መልስ አልነበረኝም፡፡ አንቀጽ አንስቼ የምጠቅስበት ጉዳይም አልነበረም፡፡ «ልክ ነህ» ብቻ አልኩት፡፡ እሱም ጥቂት ዝም ብሎ «እሺ፣ 600ው ይቅር» አለ፡፡ 200ውን ግን አልመለሰም፤ ካርታውን ሰብስቦ ወደ ሥራው ሄደ፡፡ ባስገድደው እችል ይሆናል፤ አላስገደድኩትም፡፡ ይህንን በማድረጌ ትክክል መሆኔን እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም፡፡

ስንመለስ ልጁ ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፡፡ እሱ ግን ሉካንዳ አካባቢ ስንደርስ ቆመና፣

«ጋሼ፣ ግን አሸንፌ ነበር ወይስ አላሸነፍኩም?» አለኝ፡፡

ያኔ ገባኝ፡፡ ወደ እኔ ያመጣው 600 ብሩ አልነበረም ለካ፡፡ በትክክል ተጫውቶ፣ በትልቅ ሰው ድምፅ ብቻ መሸነፉ ነው ሲበላው የሰነበተው፡፡ «አሸንፈህ ነበር» አልኩት፡፡ «የእናትህን 200 ብር ግን አሸንፈህ አልመለስከውም፡፡ እሱን አንተ ትነግራታለህ፤ እኔ አልነግርልህም፡፡»

ነገራት፡፡ ምን እንዳለችው አልጠየቅሁም፡፡ ለሁለት ሳምንት ያህል ግን ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ይዞ ውሃ ሲያመላልስና እንጀራ ለደንበኛ ሲያደርስ አይቼዋለሁ፡፡

ከመታደሉ በፊት

ውድ አንባቢያን፣ ጨዋታውን ከልጆቻችሁ ጋር ብትጫወቱት ምክሬ ይህ ነው፡፡ ልጅ ማስታወስን፣ መቁጠርን፣ ተራ መጠበቅንና መሸነፍን ይማርበታል፤ ያለ ብር ከሆነ፡፡ ካርታው ከመታደሉ በፊት ግን እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጮክ ብላችሁ መልሱ፤ ቢቻል ወረቀት ላይ ጻፏቸው፡፡

አንድ፣ በ8ና በጄ መጨረስ ይቻላል ወይስ አይቻልም?
ሁለት፣ 2 በ2 ላይ፣ አስ ስፔድም በ2 ስፔድ ላይ ይደራረባሉ ወይስ አይደራረቡም?
ሦስት፣ በ7 ብዙ ካርታ ሲጣል ኃይሉ የሁሉም ነው ወይስ የመጨረሻው ብቻ?
አራት፣ የሚሄድ የሌለው ሰው አንድ ያነሳል ወይስ እስኪያገኝ ያነሳል?
አምስት፣ በ7 የሚጨርስ ሰው «ቀረኝ» ማለት አለበት ወይስ የለበትም?

አንደኛው መልስ ከሌላው አይበልጥም፤ የትኛውም ያስኬዳል፡፡ የማያስኬደው መልሱን ካሸነፉ በኋላ መፈለግ ነው፡፡

ልጁ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፡፡ በር ላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ካርታ አለ?» ይላል፡፡ አለ፡፡ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከቤቴ ካርታ ጎን አስቀምጬዋለሁ፡፡ ባለፈው ቅዳሜ በአስ ስፔድ አስነሳኝ፤ 2 ስፔድ እጄ ላይ ነበረች፤ መለስኩለት፡፡ ሰባት አነሣ፡፡ ቢሆንም አሸነፈኝ፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡